እርማት፦ የዝናብ ውሃ የፍሳሽ መስመርን አያጥብም

«አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመሩ ጋር አገናኙት፣ ክረምቱ ቱቦውን ያጥብላችኋል» ለሚለው ምክር ነው ይህን የምጽፈው። ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ስህተት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የፍሳሽ መስመርና የጎርፍ ቦይ የተለያዩ ናቸው። የፍሳሹ ቱቦ ከሽንት ቤት፣ ከሻወርና ከኩሽና የሚወጣውን እየሰበሰበ እንደ ቃሊቲ ወዳለ ማጣሪያ ይወስዳል። የጎርፉ ቦይ ደግሞ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ቱቦው የተለካው ለቤት ፍሳሽ ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። መቶ ካሬ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። ይህ የአንድ ቤት ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ ከሰዓት። ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ቢያደርግስ? ቱቦው ይሞላል፣ ማንሆሉ ይገነፍላል። ከታች ባለው ጎረቤት ሽንት ቤት ፍሳሹ ወደ ላይ ይመለሳል። እሱ ምን አጠፋ?

ደግሞ ጎርፍ ብቻውን አይመጣም። አፈር፣ አሸዋና ፌስታል ይዞ ይገባል። ውሃው ሲያልፍ አሸዋው ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ታጠበ የተባለው ቱቦ ተደፈነ ማለት ነው። መንገድ ላይ ውሃ ሲተኛ የማንሆል ክዳን መክፈትም ያው ነው፤ እግረኛ ሊገባበት መቻሉ ሳይረሳ።

ነዋሪው ላይ ብቻ ግን አልፈርድም። አሮጌ መስመር ሲቀየር መንገዱ ይቆፈራል፣ ቱቦው ይቀበራል፣ ሠራተኞቹ ይሄዳሉ። የቱ መስመር ለምን እንደሆነ ቤት ለቤት ቢነገር ኖሮ አሸንዳውን እዚያ የሚያስገባ ሰው በጣም ይቀንስ ነበር። እናንተ ግቢ ውስጥ ተገናኝቶ ከሆነ፣ ክረምት ሳይገባ አስለዩት።