እርማት፦ ዋት ሲበዛ ጩኸቱ በዚያው ልክ አይበዛም

ወዳጄ፣ «ስቲል ጊታር ቤት ውስጥ ለመለማመድ 5 ዋት አምፕ ይበቃል፤ 50 ዋት 10 እጥፍ ስለሚጮህ ጎረቤት ያስነሳብሃል» ብለሃል (ስቲል ጊታር ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር ነው፤ አምፕ ደግሞ ድምፅ ማጉያው)። እኔም ድሮ እንዲሁ ነበር የሚመስለኝ። ግን ልክ አይደለም።

ኃይሉ 10 እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ለጆሯችን ይህ እጥፍ ያህል ነው እንጂ 10 እጥፍ አይደለም። ደግሞ 5 ዋቱ ራሱ ዝም ያለ ነገር እንዳይመስልህ። በ1 ዋት 95 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር በ5 ዋት ወደ 102 ይጠጋል። ጎረቤትማ ያኔም ይነሳል!

የስቲል ጉዳይ ግን ከዚህም ይለያል። ፔዳል ስቲል (የክሩ ቅኝት በፔዳል የሚቀየረው ስቲል ጊታር) ስትጫወት ቮልዩም ፔዳሉን ግማሽ ላይ አድርገህ ክሩን ትመታለህ። ድምፁ መሞት ሲጀምር በእግርህ ቀስ እያልክ ትገፋዋለህ። ያ ረጅም ልቅሶ የመሰለ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። አምፑ የኃይል ትርፍ ከሌለው፣ ሦስት ክር አንድ ላይ ስትመታ መሻከር ይጀምራል። ለሮክ ጊታር ይሄ ውበት ነው፤ ለስቲል ግን ጭቃ። ለስቲል የተሠራው ፒቪ ናሽቪል 112 አምፕ ባለ 12 ኢንች ስፒከርና 80 ዋት የሆነው ለጩኸት ሳይሆን ለጥራት ነው።

ስፒከሩንም እይ። ሲ6 በሚባለው የፔዳል ስቲል ቅኝት የመጨረሻው ወፍራም ክር 65 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ባለ 6 ኢንች ስፒከር እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ባለ 12 ኢንች ያገለገለ ትራንዚስተር አምፕ ካገኘህ እሱን ግዛና ቮልዩሙን ዝቅ አድርገው። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሄድፎን።