«ዚ» ያለውን ልጅ ለቀቅ አድርጉት

አሜሪካ ባሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ። ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ የእንግሊዝኛ ፊደል ይቆጥራል። መጨረሻው ላይ «ዚ» ይላል። አባት «ዜድ ነው የሚባለው» ብሎ ያርመዋል። ልጅ አይሰማም፤ መምህሯ «ዚ» ብላለቻ! አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዝኛን ከዩቲዩብ የለመደች ሕፃን «ዚ» ስትል «ዜድ» በይ የምትባለው ክፍል ውስጥ ነው።

እኔ የምለው ልጆቹን ተዉአቸው ነው። አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

«ዜድ ዋናው ነው፣ ዚ የአሜሪካኖች ብልሽት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ግማሹ እውነት ነው። «ዜድ» ከግሪኩ «ዜታ» ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ የገባ ስም ነው። «ዚ»ም ግን የተወለደው እዚያው እንግሊዝ ነው። ቶማስ ላይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1677 ባሳተመው የፊደል ማስተማሪያ ላይ ይገኛል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)። አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችው ከዚያ 99 ዓመት ቆይታ ነው። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 መዝገበ ቃላቱ ሦስተኛ ስም ጨምሮልናል፤ «ኢዛርድ»። ዛሬ «ኢዛርድ» የሚል ሰው ብታገኙ ጉድ ትላላችሁ፤ ያኔ ግን ጆንሰን ከ«ዜድ» ይልቅ የተለመደው እሱ ነው ብሎ ነበር የጻፈው።

አሜሪካ «ዚ»ን የራሷ ያደረገችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኖህ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ ይህ ፊደል «ዚ» ተብሎ ይነበባል ብሎ ቁርጡን ተናገረ። በ1835 ደግሞ ቦስተን ላይ ቻርልስ ብራድሊ የፊደል መዝሙሩን የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ሁሉ የሚዘምረው ያው ነው። መዝሙሩ «ቢ፣ ሲ፣ ዲ» እያለ መጥቶ «ዚ» ሲል ቤት ይመታል። «ዜድ» ሲባል ቤቱ ይፈርሳል። ለእኔ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ልጆቹን የሚያሸንፋቸው ዜማው ነው።

ካናዳን ብትጠይቁ ይህን ይመሰክራሉ። ጃክ ቻምበርስ የተባሉ የቋንቋ ምሁር ደቡብ ኦንታሪዮ ላይ እንዳጠኑት፣ ብዙ ልጆች በልጅነታቸው «ዚ» ይላሉ፤ ሲያድጉ ግን ወደ «ዜድ» ይመለሳሉ። ለምን? አሜሪካዊ አይደለሁም ለማለት ነዋ! ሞልሰን የተባለው ቢራ በ2000 ባሰራው ዝነኛ ማስታወቂያ ላይ አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ ካናዳዊነቱን ሲዘረዝር፣ ፊደሉ «ዜድ» እንጂ «ዚ» አይደለም እያለ ይጮኻል። በአንድ ፊደል ቢራ ተሸጠ።

ካናዳ ላይ ቀልድ የሆነው ነገር ሰሜን አየርላንድ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እዚያ ጣጣ ያመጣው እኛ «ኤች» የምንለው ፊደል ነው። ፕሮቴስታንቶቹ «ኤይች» ይላሉ፤ ካቶሊኮቹ «ሄይች»። ትምህርት ቤታቸው የተለያየ ነውና ልጆቹ የየወገናቸውን ይዘው ያድጋሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ወደ 3,500 የሚጠጋ ሰው ባለቀበት ግጭት ዘመን፣ የማያውቁትን ሰው ማንነት ለመገመት ስሙ፣ ትምህርት ቤቱና ይህ ፊደል ይበቁ ነበር። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ያነበበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የዮፍታሔ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው «ሺቦሌት በል» ይሉ ነበር። «ሲቦሌት» ያለ ኤፍሬማዊ ይታረዳል። 42,000 ሰው ወደቀ ይላል መጽሐፉ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ «ሄይች» የሚል ሰው የሚናቀው በሌላ ምክንያት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቃል መጀመሪያ ላይ «ህ»ን መዋጥ ያልተማረ ሰው ምልክት ሆነ። ሰዉ ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ በሌለበትም ቦታ «ህ» ይጨምራል። «ሄይች» የሚለው ሰው ላይ የሚሳቀውም በዚህ ሂሳብ ነው፤ የተማረ ለመምሰል የሚጥር ተደርጎ። እስቲ ግን አስቡት። ቢ ውስጥ «ብ» አለ፣ ዲ ውስጥ «ድ» አለ። «ኤይች» ውስጥ ግን «ህ» የለም! ስሙ የመጣው «ህ»ን ከማይጠሩት ከፈረንሳዮች ነው። የፊደሉን ድምፅ በስሙ ውስጥ የመለሱት የሚሳቅባቸው ሰዎች ናቸው። ፍርድ ስጥ ብባል ለ«ሄይች» ነው የምፈርደው። ዘመኑም ወደዚያው እያዘነበለ ይመስላል፤ የድምፅ ምሁሩ ጆን ዌልስ ባደረጉት ጥናት ከ1982 ወዲህ ከተወለዱ ብሪታንያውያን 24 በመቶ የሚሆኑት «ሄይች» ይላሉ።

በ«ዜድ» እና በ«ዚ» መካከል ምረጥ ካላችሁኝ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አደላለሁ። ስልክ ላይ። በተቆራረጠ መስመር «ዚ» እና «ሲ» አይለዩም፤ ቢ፣ ዲ፣ ፒ፣ ቲ ሁሉም አንድ ይሆናሉ። «ዜድ» ግን ከማንም ጋር አይምታታም። የአቪዬሽን ሰዎች ይህን ስላወቁ ነው ከ1956 ጀምሮ «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» የሚለውን ዝርዝር በሥራ ላይ ያዋሉት። ዝርዝሩ «ዙሉ» ላይ ያልቃል፤ ጭቅጭቅም ያልቃል። እኛ ይህን ዘዴ ከማንም አልተማርንም። «በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ?» ብለን ስንጠይቅ ኖረናል።

ታዲያ እኛ «ዜድ»ን እንደ አባት ርስት የምንጠብቀው ለምንድን ነው? የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ራሱ ቅይጥ ነው። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ እንደ ጄኔራል ዊንጌት ባሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዞች አስተማሩ። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ አሜሪካውያን በየክፍለ ሀገሩ ገቡ። ያኔ የተማሩ ሰዎች ሁለቱንም ሰምተዋል፤ ማንም አልሞተም።

ለመምህራን ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። ሰሌዳው ላይ ፊደሉን ጽፋችሁ «እንግሊዞች ዜድ ይሉታል፣ አሜሪካኖች ዚ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለማረም የተረፈ ጉልበት ካለ «ሺፕ» እና «ሺይፕ» አሉ፤ አንዱ መርከብ፣ አንዱ በግ፤ እነሱን ማምታታት እውነተኛ ችግር ያመጣል። «ዚስ ኢዝ» እያለ የሚያስተምር መምህር «ዚ» ያለችውን ልጅ ሲያርም ግን፣ ይቅርታ፣ ሳቄን መያዝ አልችልም።