እድሩን የምንፈራውን ያህል

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ እንወቃቀስ።

እድር ስንቀር ቅጣታችንን ያለ ጭቅጭቅ እንከፍላለን። ዳኛውም ከቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያስረክብ 10 ብር ብትጎድል ስብሰባው ይናወጣል። እሰየው! እኛው ግን በማግስቱ ወረዳ ጉዳይ ሲኖረን መጀመሪያ «እዚያ ማን አለን?» እንላለን። ከጠዋት ጀምረው ወረፋ የያዙትን እማማ አልፈን በጓሮ እንገባለን። ከዚያ ቡና ላይ ቁጭ ብለን «ይቺ አገር ሕግ የላትም» እንላለን። ማን አጠፋውና?

ተቋም ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ መንዝን ይጠይቅ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይፈለጋል። ሁሉም እንዳሻው ቢያጭደው አንድ ክረምት አይሻገርም። ስለዚህ አባቶች በቄሮ ሥርዓት (የድሮውን፣ የመንዙን ማለቴ ነው) አለቃ መርጠው ሣሩ የሚበቅልበትን የጓሳን ተራራ ይዘጉት ነበር። 3 ዓመት፣ አንዳንዴም 5 ዓመት። ሳይከፈት የገባ ጉዱ ፈላ። ይህ ከ300 ዓመት በላይ ሠርቷል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሣሩም ያለ ልክ ይታጨድ፣ ይጋጥ ጀመር። በኋላ የአካባቢው ሰው ራሱ ኮሚቴ መርጦ እንደገና መዝጋት ያዘ። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ድረስ እዚያው ናቸው። ጥበቃ ቢቀጠርም ያን ሁሉ ተራራ ሌት ተቀን አይዞረውም። ጎረቤት ጎረቤቱን «ተው» ማለት አለበት።

እኛ ዘመዳችን ወረፋ ሲጥስ «ተው» እንላለን? ኧረ የት! «ጉዳይ ፈጻሚ ነው» ብለን እናሞግሰዋለን። ማስረጃ አልተሟላም ብሎ የሚመልሰንን ሠራተኛ «ደረቅ» እንለዋለን፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈርምልን «ሰው አክባሪ» ነው። ሰው አክባሪው አንድ ቀን ይዛወራል። ያኔ ያለ ፋይል ያለቀው ጉዳያችን ሜዳ ላይ ይቀራል፤ አዲሱ ሰው ምን ዓይቶ ይመን?

እንግዲህ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ለመንገዱ ያዋጣነው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ መዝገቡ ይነበብልን በሉ። «ነገረኛ» ይሏችኋል፤ ይበሉ። ሳይነበብ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አትፈርሙ።