የመጋጠሚያ እንቅስቃሴ በምርጫ ጥያቄ? ኧረ አቦ!

ሰሞኑን እዚህ ድሬ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ (ስሙን ተዉት) የአናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር ትምህርት) የተግባር ፈተናውን አስቀርቶ የመጋጠሚያ እንቅስቃሴዎችን በምርጫ ጥያቄ ብቻ እፈትናለሁ ብሏል። ምክንያቱን ስትሰሙ፣ አስተማሪ አንሷል፣ የአጽም ሞዴሉ ተሰብሯል፣ ደግሞስ ማጠፍና መዘርጋትን ሕፃንም ያውቀዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት ደሜን ያፈላችው።

ሕፃን ያውቀዋል? እሺ፣ እስቲ እያነበባችሁ አውራ ጣታችሁን አብዳክሽን (ማራቅ) አሠሩት። አብዛኛው ሰው ወደ ጎን ነው የሚከፍተው፣ እሱ በአናቶሚ መጽሐፍ ኤክስቴንሽን (መዘርጋት) ነው፤ አብዳክሽኑ ጣቱ ከመዳፍ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ሲወጣ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ደሞ የሚርቁት ከሰውነት መሃል ሳይሆን ከመሃል ጣት ነው፣ እግር ላይ ስትሄዱ መነሻው ሁለተኛው ጣት ይሆናል። ትከሻ ፍሌክሽን (ማጠፍ) ሲሠራ ክንድ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጉልበት ሲሠራ ግን ባት ወደ ኋላ። የትኛው ሕፃን ነው ይሄን የሚያውቀው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዳሌው ነገር ነው። ደንገጎ ላይ ሚኒባስ ተጋጭቶ ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱን ዳሽቦርድ መታው እንበል። ዳሌው ወደ ኋላ ከወለቀ እግሩ አጥሮ፣ ታጥፎ፣ አዳክሽን ሆኖ (ወደ መሃል ተጠግቶ)፣ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የምታገኙት። አንዲት እማማ ደሞ ቤታቸው ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት ከተሰበረ ያው እግር ያጥራል ግን ወደ ውጭ ይዞራል። ሁለቱም ይጮሃሉ፣ ሁለቱም መቆም አይችሉም፣ አልጋው ዳር ለቆመው ነርስ ቶሎ የሚለያቸው ሮቴሽኑ፣ እግሩ የዞረበት አቅጣጫ ነው። የወለቀው ደሞ ፋታ አይሰጥም፣ ወደ ጭን አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚታወክ 6 ሰዓት ሳይሞላ ይመለስ ነው የሚባለው፣ ከዛ ካለፈ አጥንቱ የመሞት አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። እና "ሐ"ን አክብቦ ያለፈው ልጅ ወደ ሐረር ሪፈር ሲጽፍ ምን ይበል፣ እግሩ ተጣሟል? ራጅ ያሳየዋል ትሉኝ ይሆናል። ያሳያል፣ መብራት ካለ፣ ማሽኑ ከሠራ፣ ከሁሉ በፊት ደሞ አይቶ የሚጠረጥርና ቶሎ በሉ የሚል ሰው ካለ!

ወረቀት የማይዘው ሽወዳም አለ። ተማሪውን መዳፍህን ገልብጥ ብትሉት ክርኑን ከጎኑ ካላስጠጋ ትከሻውን አዙሮ ያልፋችኋል። ፕሮኔሽን (መዳፍን ወደ ታች መገልበጥ) ራዲየስ የሚባለው የክንድ አጥንት አልና በሚባለው ጎረቤቱ ላይ ሲሻገር ነው፣ ትከሻ እዛ ምንም ሥራ የለውም። በሽተኛም እንደዛው ነው፣ ያቃተውን በሌላ መጋጠሚያ ይሸፍነዋል፣ ይሄን ለመያዝ ደሞ በዓይን ያየ በእጅ የነካ ሰው ያስፈልጋል እንጂ አራት ምርጫ አይደለም።

አጽሙ ተሰበረ አሉ። ተማሪው እኮ ሁለት እጅና ሁለት እግሩን ይዞ ነው የሚመጣው! ሁለት ሁለት አድርጎ ማቆም ነው፣ አንዱ ይጥራ፣ አንዱ ይሥራ፣ ከዛ ይቀያየሩ። የአስተማሪ እጥረቱ እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ለምርቃት አዳራሽ ኪራይ ብር ያልጠፋበት ኮሌጅ ግን ለአንድ የፕላስቲክ አጽም አጣ ብትሉኝ አላምንም።