እጃችሁ አይጉደል

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ገብተው ሕፃኑ የተኛበትን የፕላስቲክ ማሞቂያ (ኢንኩቤተር) በጣታቸው «ኳ ኳ» ለሚያደርጉ ሁሉ ዕድሜ ይስጥልን። በ29ኛው የእርግዝና ሳምንት ተጣድፎ የመጣ ልጅ፣ እንግዳ መድረሱን ካላንኳኩለት በምን ያውቃል?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. የክፍሉ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የእኛን ጨዋታ ስለማያውቅ ነው፤ ተራ ወሬ እንኳ 60 ይደርሳል። ስልኩን በላውድስፒከር ከፍቶ «ሄሎ! ይሰማል?» የሚለው ዘመድማ ምን ይባላል! ይሰማል እንጂ፤ በየማሞቂያው ይሰማል።

የላቀው ምስጋና ግን የማሞቂያውን የእጅ ማስገቢያ መስኮት «ቋ!» አድርጎ ለሚዘጋው ባለሙያ ነው። በክርን መክፈቱ ለንጽሕና ታስቦ ነው፤ በክርን ገጭቶ መዝጋቱ የራሳችን ፈጠራ ነው። ውጭ ለቆመው ሰው ኢምንት ነገር ናት፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ግን እንደ ከበሮ ሆድ እያስተጋባች 80 ዴሲቤልን ታልፋለች። በየ10 ዴሲቤሉ የድምፅ ኃይል 10 እጥፍ ስለሚያድግ፣ ከተመከረው ከ3,000 እጥፍ በላይ በነፃ ሰጠነው ማለት ነው። መሸጎሪያውን በአውራ ጣት ተጭኖ፣ በሌላው እጅ በሯን ገጥሞ፣ ቀስ ብሎ መልቀቅ ይቻላል። ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ማን ጊዜ አለው?

ቀጥሎ ያለው ቅብብሎሽ ደግሞ ታይቶ አይጠገብም። ሕፃኑ ይበረግጋል፣ ትንፋሹ ይዛባል፣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ከ90 በመቶ ይወርዳል፣ ሞኒተሩ ይጮኻል። ለሞኒተሩ መልስ መስኮቱ እንደገና «ቋ!»። ኦክስጅኑ ከፍ ይላል፤ ልጁ ሲረጋጋ መልሶ ዝቅ ማድረጉ ይረሳል። ትርፍ ኦክስጅን ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ረቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ የሚሠራውን የዓይን ሐኪሙ በኋላ ያጫውተናል።

ያለ ኦክስጅን በራሱ የሚተነፍስ ልጅ ላይ የሳቹሬሽን አላርሙን የላይኛ ገደብ 95 ላይ የሚተዉትንም አንርሳ። ልጁ 98 ባሳየ ቁጥር ደኅንነቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲታወጅ ያድራል። 100 ላይ ቢያደርጉት ጸጥ ይል ነበር፤ ታዲያ ምን ያደምቀናል? ሦስተኛው ሌሊት ላይ እውነተኛው አላርም ሲጮኽ ዞር የሚል የለም፤ ይህም ጆሮን ያሳርፋል።

የማሞቂያው ጣሪያ ለጠረጴዛነት የተመቸ መሆኑን ያወቁትም ይመስገኑ፤ ካርዱ፣ ስቴቶስኮፑ፣ የብረት ትሪው ሁሉ እዚያው ዱብ ይላል። በሲፓፕ (አየር በግፊት እየሰጠ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ) ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው አለማፍሰስም ውለታ ነው፤ ልጁ ጆሮው ሥር ሲንቦጫቦጭለት ያድራል። በቀን በኪሎ 15 ግራም ይጨምር ተብሎ እናቱ ጠብታ በጠብታ ያለበችው ወተት በመበርገግና በማልቀስ ቢያልቅ፣ ሚዛኑን እንቀይራለን።

አንድ ሥርዓት የጎደላት እናቲቱ ብቻ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ትቀፈው ስላለ፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ በለሆሳስ ታወራዋለች። «እመቤት፣ ልጁን አትረብሺው» እንላታለን፤ ራውንዱም (የሐኪሞቹ የአልጋ ዳር ጉብኝት) በሞቀ ክርክር ይቀጥላል።