ንብ ማነብ ምኑ ያስቃል?

ብር ባያስጨንቅ፣ ማዕረግ የሚቆጥር ሰውም ባይኖር፣ እኔ ንብ አናቢ እሆን ነበር። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰው ይስቃል። እየቀለድኩ እኮ አይደለም!

ንቦችን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አይስቅም። አንዷ ጥሩ አበባ ስታገኝ ወደ ቀፎው ተመልሳ ትጨፍራለች። ሆዷን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ የምትሄድበት አቅጣጫ፣ አበባው ከፀሐይ አንጻር በየት በኩል እንዳለ ለሌሎቹ ይነግራል። ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር ቦታው ሩቅ ነው። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ ሳይንቲስት ይህን ቋንቋ ፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ለዓመታት ቀፎ ሥር ቁጭ ብሎ ማየት! እንዴት ያለ መታደል ነው።

እኔስ? ቀኑን ሙሉ ማንም የማያነበው ሪፖርት እሞላለሁ። ዘመድ ግን በዚህ ይኮራል፤ "ልጃችን እኮ ቢሮ ነው" ይላል። አናቢ ብሆን "ምነው፣ ምን ነካው?" ባሉ ነበር።

ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነት ነው። "ስታድግ ምን ትሆናለህ?" ይሉናል። ዶክተር፣ ፓይለት ካልን ይጨበጨባል። ሌላ ካልን ያርሙናል። ታዲያ ለምን ይጠይቁናል? አንዲት ጓደኛዬ አትክልተኛ መሆን ነበር ምኞቷ። ዛሬ ስለ እሱ ማውራት እንኳ አትፈልግም። ይህ ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል።

ትናንት ቢሮ ውስጥ አንዲት ንብ በመስኮት ገባች። ሁሉም ሊገድላት ተነሳ። በብርጭቆ ከድኜ፣ ከሥር ወረቀት አስገብቼ አወጣኋት። ከዚያ ተመልሼ ሪፖርቴን ቀጠልኩ።