ረጋ በሉ፣ ቀጠሮው ለ2050 ነው

ስለ ድንገተኛ የአየር ንብረት ለውጥ የሚጮሁ ሰዎች ችግራቸው ትዕግስት ማጣት ነው። ስብሰባተኛው ግን፣ አቤት ሲያውቅበት! ከ1995ቱ የበርሊን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ወዲህ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) መሰብሰብ አልታከተውም። ባጁን ያንጠለጥላል። ሻይ ቡና ይላል። "እጅግ አሳሳቢ ነው" ይላል። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሲሟገት ያድርና በቀጠሮ ይለያያል።

ቀጠሮው ደግሞ እንደዋዛ አይደለም። ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ የተጣራ ልቀት ዜሮ ለማድረስ 2050፣ ሲበዛም 2070። ብልጠቷን አያችኋት? ቃል የገባው ሹም ያኔ ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ አፈር ለብሷል።

ክፋቱ ተፈጥሮ ቃለ ጉባኤ አታነብም። የግሪንላንድ በረዶ ተቆፍሮ እንደታየው፣ ከ11,700 ዓመት ገደማ በፊት የዚያ አገር ሙቀት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ዘሏል። ያለ ንዑስ ኮሚቴ! ዛሬ ደግሞ ያው በረዶ እየቀለጠ ባሕር ይገባል። የአትላንቲክን ጅረት የሚያንቀሳቅሰው ጨዋማው ከባድ ውሃ በሰሜን ቀዝቅዞ ሲሰምጥ ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ ግን ቀላል ስለሆነ አይሰምጥም። ስለዚህ ለሰሜን አውሮፓ ሙቀት የሚያመላልሰው ይኸው ጅረት ይዳከማል፣ ምናልባትም ቀጥ ይላል ብለው ሳይንቲስቶች ይሰጋሉ። መቼ? ቁርጡ አልታወቀም። ስብሰባተኛው ይህችን ሲሰማ ደስታው! ፍሬኑ እምቢ የሚልበት ቀን ስላልተነገረው፣ የአባይ በረሃን ቁልቁለት በአምስተኛ ማርሽ እንደሚለቀው ሹፌር ልቡ ሙሉ ነው።

ለእርጋታማ የስፔኗ ቫሌንሲያ ሹማምንት ሜዳሊያ ይገባቸዋል። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ በጠዋቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቺቫ በምትባል ከተማ የዓመት ዝናብ በስምንት ሰዓት ውስጥ ወረደ። ለሕዝቡ ስልክ የተላከው የአደጋ መልእክት የደረሰው ግን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስልኩ ሲጮህ መንገዱ ወንዝ ሆኖ፣ ብዙዎች ጎርፉ ውስጥ ነበሩ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሹማምንቱን ግን "ተጣደፉ" ብሎ የሚከሳቸው የለም።

በ2027 ተራው የእኛ ነው። 32ኛው ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል። ስብሰባንማ ማን ያስተምረናል! ባነር መስቀል እናውቃለን፣ አበል እናውቃለን። የክብር እንግዳው እስኪገባ ግማሽ ቀን ቁጭ ማለት ለእኛ ምን ብርቅ ነው? የአትላንቲኩም ጅረት ቢሆን ካኮረፈ ባጅ አሠርተን ከፊት ወንበር እናስቀምጠዋለን። ንግግሩ እስኪያልቅ ይጠብቃላ!